ልጅ በአደራ ስትይዢ

ልጄ፣ በወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መመደብሽን እናትሽ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ልብሽ ሩኅሩኅ እንደሆነ ከልጅነትሽ አውቃለሁ። ችኩል መሆንሽንም አውቃለሁ፤ የጀመርሽውን ሳትጨርሺ ሌላ ታነሺያለሽ፣ ያስቀመጥሽውን ትረሺያለሽ። በሌላ ሥራ ይህ ቢበዛ ደመወዝ ያስቆርጣል። በዚህ ሥራ የሚረሳው ልጅ ነው። እኔ በማሳደጊያም በወረዳም ጡረታ እስክወጣ ያየሁትን ልንገርሽ። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

1. ልጅ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት፣ መውጣት ይገባው እንደሆነ ጠይቂ። አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ መጥታ «ማሳደጊያ አስገቡልኝ» ብትልሽ፣ ቅጽ ለማውጣት መሳቢያ አትክፈቺ። ወንበር ስጫት፣ ውሃ ስጫት፣ ከዚያ የጎደላትን አንድ በአንድ ጠይቂያት። የስንት ወር የቤት ኪራይ አለባት? ልብስ ለማጠብ ሰው ቤት ስትሄድ ልጁን ማን ጋ ነው የምትተወው? ታማለች? የሚደበድባት ሰው አለ? ብዙ ጊዜ የጎደለው ትንሽ ነው፤ የሁለት ወር ኪራይ፣ ዩኒፎርም፣ ልጁን ቀን ቀን የሚይዝላት ሰው። ጋን በጠጠር ይደገፋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት ሊሆን አይገባም ይላል። የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ብሏል። ስለዚህ የከተማ ሴፍቲኔቱን አሠራር፣ የሰፈሩን እድሮች፣ የደብሩንና የመስጊዱን ሰዎች ችግር ሳይመጣ በፊት ተዋወቂያቸው። በማሳደጊያ ካገኘኋቸው ልጆች ብዙዎቹ በሕይወት ያለ እናት ወይም አባት፣ ካልሆነም አያት ነበራቸው። ተቋሙ ለአንድ ልጅ ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለእናቲቱ ቢደርሳት ኖሮ ቤቱ ባልተዘጋ ነበር እያልኩ በየስብሰባው ተናግሬያለሁ፤ ዛሬም የምለው እሱኑ ነው።

2. ሦስት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ወደ ማሳደጊያ ለመላክ አትቸኩዪ። አልጋ ባልጋ የተደረደረበት ክፍል ገብተሽ ጸጥታ ብታገኚ «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው» አትበዪ። ሕፃን የሚያለቅሰው የሚመጣለት ሰው ሲኖር ነው፤ የሚመጣ ሲያጣ ማልቀሱን ይተወዋል። ጡጦው በተጠቀለለ ጨርቅ ተደግፎለት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ብቻውን ሲጠባ ታዪዋለሽ። ሞግዚቷ በዚያ ሰዓት ሌላውን እያጠበች ነው፤ ምን ታድርግ? በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ተመራማሪዎች 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን ተከታትለው ነበር። ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ ወጡ፣ ግማሾቹ በነበሩበት ቆዩ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮም ሰውን በመቅረብም በለጡ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ደግሞ ይበልጥ ተሻሉ። እንዲህ ስልሽ በማሳደጊያ ዕድሜያቸውን የሰጡትን መንቀፌ እንዳይመስልሽ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ገደማ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄደው፣ ረኃብ ካደቀቃቸው መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ልጆቹን ያስገቡት ገዛ ቤታቸው ነው። በዚያ ክፉ ቀን የእሳቸው ዓይነት ሰው ባይኖር ስንቱ መንገድ ላይ በቀረ። አንቺ ግን ዛሬ ሌላ ምርጫ አለሽ፤ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ የአደራ ቤተሰብ አለ። እነሱን ሁሉ ሳታንኳኪ ማሳደጊያውን አታንኳኪ።

3. «ዘመድ ጋ ነው» ሲሉሽ እፎይ ብለሽ ፋይሉን አትዝጊ። በአገራችን ወላጁን ያጣን ልጅ ከሁሉ በላይ ያሳደገው ዘመድ ነው፤ ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን በዘመድ ስም ከገጠር መጥታ ያለ ደመወዝ የምታገለግል ልጅም በየሰፈሩ አለች። «አክስቴ ጋ ነኝ» ትልሻለች፤ ተምራዋለች። እጇን እዪ። በረኪናና ኦሞ የበላው የልጅ እጅ ከአፏ በፊት ይናገራል። የት እንደምትተኛ አሳዪኝ በያት፤ የቤቱ ልጆች አልጋ ላይ፣ እሷ ኩሽና ከሆነች ገብቶሻል። ማን አብሯት እንደሚበላ፣ ደብተሯ የት እንዳለ፣ የመጨረሻው የቤት ሥራ መቼ እንደተሠራ ጠይቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ዝምድና ከዚህ ማምለጫ መጋረጃ እንዳይሆን። ቤቱ ቸግሮት ከሆነ እርጂው፣ ልጅቷን እየበላት ከሆነ አውጫት።

4. የአደራ ቤተሰብ ስትመርጪ «ደግ ሰዎች ናቸው» በሚል ምስክርነት ብቻ አትርኪ። ደግነታቸውን ጎረቤት ይነግርሻል፤ ትዕግሥታቸውን ግን በቤታቸው ተቀምጠሽ ካላየሽ አታውቂውም። ባልየውን ለብቻ፣ ሚስቲቱን ለብቻ፣ የቤቱን ልጆች ለብቻ፣ ሠራተኛ ካለች እሷንም ለብቻ አነጋግሪ። ሠራተኛዋን እንዴት እንደሚጠሯት ጆሮሽን አቁመሽ ስሚ፤ የሚመጣውን ልጅም ነገ በዚያው ድምፅ ነው የሚጠሩት። ለምን ልጅ እንደፈለጉ ጠይቂ። «እየተላላከ ያግዘናል» ካሉ አመስግነሽ ውጪ። «ልጅ አልሰጠንም፣ የኛ ይሆናል» ካሉም ተቀምጠሽ አስረጂ፤ አደራና ጉዲፈቻ ለየብቻ ናቸው። የአደራ ልጅ ቤተሰቡ ሲቃና ይመለሳል። ጉዲፈቻ ግን በኦሮሞ ባህል ከጥንት እንደኖረው፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992ም እንደተደነገገው፣ ልጁን የቤቱ ልጅ የሚያደርግና ፍርድ ቤት የሚያጸድቀው ነገር ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ያልሰሙ ሰዎች በመጨረሻው ቀን ልጁን ደብቀው በር ይዘጉብሻል፤ ጥፋቱም የነሱ ብቻ አይሆንም።

5. ወንድምና እህትን አትለያዪ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ማሳደጊያዎች በዕድሜና በጾታ የተከፈሉ ናቸው፤ ትንንሾቹ ክበበ ፀሐይ፣ ሴቶቹ ቀጨኔ፣ ወንዶቹ ኮልፌ። አባትና እናቱን ያጣ ልጅ የቀረችውን እህቱን በከተማ ማዶ ሲያጣት ሁለተኛ ሐዘን ነው። እህትማማችና ወንድማማቾቹን አንድ ላይ የሚቀበል ቤት እስኪገኝ መፈለጉ ያደክማል፤ ድከሚ።

6. ያስቀመጥሽውን ልጅ ተመልሰሽ እዪው። ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። ልጅን ቤት ማስገባት የሚታይ ሥራ ነው፤ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ አለቃ ያመሰግናል። መመለስን ማንም አያይልሽም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ያሉት አባቶች ያለ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሂጂ፤ በመጀመሪያው ወር ደጋግመሽ ሂጂ፤ ከዚያ በኋላም አንዳንዴ ሳትናገሪ ሂጂ። በተነገረ ጉብኝት ቤቱ ተጠርጎ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ልጁ አዲስ ሹራብ ለብሶ ይጠብቅሻል። ቡናውን ጠጪ፣ ነገር ግን ልጁን ለብቻው ሳታነጋግሪ አትውጪ። እስከ ሱቅ አብሮሽ ይሂድ፣ ደጃፍ ላይ አብራችሁ ተቀመጡ። «ደህና ነህ?» ካልሽው «ደህና ነኝ» ይልሻል፤ ሌላ ምን ይበል? «ትናንት ማታ ራት ምን በላህ? ከማን ጋር? መብራት ሲጠፋ ማን አለ? የምትፈራው ሰዓት የቱ ነው?» በዪው። ክብደቱን ካለፈው ጋር አስተያዪ። አልጋውን ማርጠብ ከጀመረ፣ ወይም ይጫወት የነበረው ዝም ካለ፣ ወይም ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን መቅረት እንቢ ካለ፣ ምክንያቱን ሳታገኚ አትተዪው። ስልክ ደውለሽ «ተጎብኝቷል» ብለሽ የጻፍሽ ዕለት ደግሞ እኔ አክስትሽ እንዳልሆንኩ ቁጠሪው።

7. በአደራ ባለ ልጅ ላይ ዱላ አይነሳ፤ ለአሳዳጊው ከመጀመሪያው ንገሪው። ሕገ መንግሥቱ ልጅ በትምህርት ቤትም በማሳደጊያም አካሉን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ መሆን አለበት ይላል። በቤት ውስጥ ግን ነገሩ ልል ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ቢቀጣም፣ ወላጅ ለማነጽ ብሎ የሚቀጣውን ከዚያ ለይቶ ያወጣዋል። በዚህ ቀዳዳ ብዙ ነገር ያልፋል። በርበሬ የታጠነ ልጅ አይቻለሁ። ሳንቲም አነሳህ ተብሎ ነበር። ዓይኑ ተገልብጦ፣ ሳሉ ትንፋሽ እያሳጠረው፣ አያቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ያለቅሳል፤ ያጠነችው እሷ ናት፣ የምታባብለውም እሷ ናት፣ የምትወደውም እሷ ናት። እንዲህ ያለችውን ሴት በሕግ አስፈራርተሽ ብቻ አትመልሻትም። «እኛስ ተገርፈን አይደል ሰው የሆንነው?» ትልሻለች። አትከራከሪያት። ሲገርፏት ምን እንደተማረች ጠይቂያት፤ አብዛኛው ሰው ትንሽ ዝም ብሎ «መደበቅን» ይላል። ከዚያ የምታደርገውን ስጫት፦ ደንቡ ትንሽ ይሁን፣ ጥፋቱ በዕለቱ ይነገረው፣ የሰበረውን ይጠግን፣ የወሰደውን ይመልስ፣ ንዴቷ ሲፈላ ከቤት ወጣ ብላ ትመለስ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። ከጦርነት የወጣ ወይም ከጎዳና የመጣ ልጅ ደግሞ አስቀድሞ የተመታ ነው፤ እጅ ሲነሳ ራሱን የሚሸፍነው ገና ሳይመታ ነው። እሱን የሚይዝ ሰው ከሌላው እጥፍ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ያን ትዕግሥት የሚደግፍለትም ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው አንቺ ነሽ።

8. ልጅ ተደፍሬያለሁ ቢልሽ ፊትሽን ያዢ፣ ሰዓትሽንም ያዢ። ብትደነግጪ ያስቀየመሽ መስሎት ይዘጋል። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ አትማዪለት፤ መናገርሽ አይቀርም፣ ያኔ አንቺንም ያጣሻል። «ስለነገርከኝ ደግ አደረግህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በዪው። ዝርዝሩን እየደጋገምሽ አታስነግሪው፤ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ገላውን አይታጠብ፣ ልብሱ አይታጠብ፤ ልብሱን በወረቀት ከረጢት አድርጊው፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይድረስ። ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያም ፈጥኖ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለሴት ልጅ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም ጊዜ አይሰጥም። «ሰኞ ቢሮ ሲከፈት» የሚባል ነገር የለም። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ምክሩና የፖሊሱ ሥራ አንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በልደታ ለሕፃናት ምቹ ችሎት አለ፤ ልጁ ያጠቃውን ሰው ዓይን ሳያይ፣ በሌላ ክፍል ተቀምጦ በቴሌቪዥን መስመር ይመሰክራል። ይህን ለእናቱ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ብዙዎቹ ክስ የሚተዉት ልጃቸውን በአደባባይ የሚያቆሙት መስሏቸው ነው።

9. በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት በሽምግልና አይታረቅም። ሽማግሌን አክብሪ፣ በመሬትና በትዳር ጉዳይ ስንት ደም ያስቀሩ ሰዎች ናቸው። ልጅ ሲደፈር ግን ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ካሣ ተቆርጦ፣ ገበና ተሸፍኖ ይቅር ሲሉሽ እንቢ በዪ። ዝም አይነቅዝም ይሉሻል። ይነቅዛል፤ ልጅቷ ውስጥ ነው የሚነቅዘው። «ያገባታል» የሚለውም መፍትሔ ሆኖ ይቀርባል፤ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፣ ካላደገች ልጅ ጋር መጋባትም ወንጀል ነው። አጥቂው ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፦ አጎት፣ ተከራይ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ። ለዚህ ነው እርቁ የሚጣደፈው። አብረው የሚኖሩ ከሆነ ከቤት የሚወጣው እሱ እንዲሆን ታገዪ፤ ሁልጊዜ ልጅቷ ናት ተነቅላ የምትወጣው፣ የተቀጣችም ይመስላታል።

10. የምትጽፊው ወረቀት የልጁ ታሪክ መሆኑን አትርሺ። እኔ ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ልጆቻችን በብዛት ወደ ውጭ ሄደዋል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ብቻ ወደ 2,500 ሄዱ። መልካም ቤት የገቡ ብዙ ናቸው። በሕይወት ያለች እናት «ሞታለች» ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ዕድሜያቸው የተቀነሰ፣ ወላጅ ልጁ ተምሮ ይመለሳል ብሎ የፈረመባቸውም ነበሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ልጃችን በአሳዳጊዎቿ እጅ ተርባና ተንገላታ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም ተፈርዶባቸዋል። በመጨረሻ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ ጉዲፈቻን ዘጋው። አሁን እነዚያ ልጆች አድገው ከአሜሪካም ከአውሮፓም ይመጣሉ፤ በእጃቸው አንድ ቅጽ ይዘው፣ ቅጹ ላይ ያለውን ቀበሌ ይፈልጋሉ፣ ቀበሌው ስሙ ተቀይሯል፣ የእናትየው ስም የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ስትጽፊ ሙሉ ስም ጻፊ፣ የጎጡን ስም፣ በቅርብ ያለውን ደብር ወይም ገበያ ጻፊ። ልጁ ሲገኝ የለበሰውን፣ በአንገቱ ያሰረውን፣ የሚናገረውን ቋንቋ፣ ራሱን የጠራበትን ስም ጻፊ። የማታውቂውን «አልታወቀም» በዪ፤ ወላጆቹ ሞተዋል ብለሽ አትሙዪው። ልደቱንም አስመዝግቢ፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ምዝገባው በመላ አገሪቱ እንዲካሄድ ተደርጓል፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ዕድሜውን በችሎት ማስረዳት እንኳ ይቸገራል።

11. ልጆቹን ለካሜራ አታሰልፊ። እርዳታ ይዞ የመጣ ሰው ልጁን አቅፎ ፎቶ ልነሳ ቢል በትሕትና ከልክዪ። በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ ሲባል የኖረው ለዚህ ነው። የዛሬው ፎቶ በስልክ ላይ ዓመታት ይኖራል፤ ልጁ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ጓደኞቹ ያገኙታል።

12. ሞግዚቶችን እንደ ተራ ተቀጣሪ አትዪያቸው። ሌሊት ነቅታ አሥራ ምናምን ሕፃን የምትይዝ ሴት ስትማረር እጇ ወደ ልጅ ይሄዳል። ከመቆጣትሽ በፊት መቼ እንዳረፈች ጠይቂያት። የምትቀያየር ሞግዚትም ለልጁ ጉዳት ናት፤ በለመዳት ማግሥት ትሄድበታለች። ደመወዟ እንዲሻሻል በየስብሰባው ተናገሪ፣ ይሰለቹሽ። መምታቷ ከተደጋገመ ግን ርኅራኄሽ ለልጁ ይሁን።

13. ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ሥራሽ አለቀ አትበዪ። ሌላው ልጅ በ18 ዓመቱ እናቱ ጓዳ ገብቶ ሽሮ ይበላል፤ የማሳደጊያ ልጅ ግን በልደቱ ማግሥት ሻንጣ ይሰጠዋል። ገበያ ወጥቶ የማያውቅ፣ የሽንኩርት ዋጋ የማያውቅ፣ ቤት ሲከራይ ተያዥ የሚሆነው ያጣ፣ ለበዓል «ወዴት ትሄዳለህ» ሲሉት የሚዋሽ ልጅ ነው። ዝግጅቱ ከ15 ዓመቱ ጀምሮ ይሁን፦ ምግብ ይሥራ፣ በባንክ በስሙ ደብተር ይከፈትለት፣ ሙያ ይያዝ፣ ከዘመዶቹ መካከል አንድ እንኳ የሚጠይቀው ሰው ተፈልጎ ይገኝ። ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ይጠይቁታል፣ አድራሻ የለውም፤ መታወቂያ ስለሌለውም ሥራ አያገኝም። ይህን ቋጠሮ እሱ ብቻውን አይፈታውም፣ ደብዳቤሽና እግርሽ ግን ይፈቱታል። ሰኞ ቢሮ ስትገቢ የወረዳሽን መዝገብ አውጪና 15 ዓመት ያለፋቸውን ለይተሽ ጻፊ፤ ከነሱም ውስጥ የልደት ወረቀት የሌላቸውን በሌላ ገጽ አድርጊ። ከዚያ ገጽ ጀምሪ።